ደላላ አይድረስብኝ

ቁልፌ ይሉታል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ይህን ቅጽል ያወጣለት ከቀበቶው የማይወርድ የቁልፍ ዘለላ ነው፤ እሱ ከመንገዱ ጥግ ብቅ ሳይል ዘለላው ሲንሿሿ ይሰማል። ግማሾቹ ቁልፎች የየትኛው ቤት እንደሆኑ ብትጠይቁት አያውቅም። የተሸጠ ቤት አለበት፣ የፈረሰ ቤት አለበት፣ አንዱማ ጭራሽ የብስክሌት ቁልፍ ነው። «ደንበኛ ቁልፍ ሲያይ ልቡ ይረጋል» ይላል፤ በዚህስ እንኳ አልዋሸም።

ሠላሳ ዓመት የቤት ደላላ ሆኖ ሲኖር የተካነበት ሙያ አንድ ነው፤ የቤትን ነውር መደበቅ። የተሰነጠቀ ግድግዳ ካለ ፊቱ ቁም ሳጥን ያቆማል። ጎረቤቱ ወፍጮ ቤት ከሆነ ቤቱን የሚያሳየው ወፍጮው በሚያርፍበት ቀን ነው። ጨለማ ክፍል በእሱ አፍ «ለእንቅልፍ የተመቸ» ይባላል፤ ጠባብ ክፍል «ለጽዳት የማያስቸግር»፤ መስኮቱ አልገጥም ያለ ቤት ደግሞ «አየር እንደ ልብ»። ጎርፍ የሚገባበትን ምድር ቤት «ውሃ ተቸግሮ የማያውቅ ሰፈር» ብሎ የሸጠ ሰው ነው። የገዙት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት ፊታቸውን ያዞራሉ። እሱ ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ቤቱ እንዴት ይዟችኋል?» እያለ ይጨብጣቸዋል።

ከዚያ ደንብ ወጣ። ደላላ ከእንግዲህ ከሻጭም ከገዢም ጋር እየተሻሸ አይኖርም፤ ማንን እንደሚወክል ለይቶ ይፈርማል ተባለ። ፈቃድ ለማሳደስ የሦስት ቀን ሥልጠና ግድ ሆነ። ቁልፌ የመጀመሪያውን ቀን ተኝቶ፣ ሁለተኛውን ስልክ እያወራ አሳለፈው። በሦስተኛው ቀን አሠልጣኟ፣ ቀጭን ድምፅ ያላት ቆፍጣና ጠበቃ፣ ከኋላ አንሥታ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«የገዢ ወኪል ግዴታው ምንድነው?» አለችው።

«ቤት ማሳየት።»

«ሌላስ?»

«ቶሎ ማሳየት።»

አዳራሹ ሳቀ። ጠበቃዋ አልሳቀችም፤ ጠመኔዋን አንሥታ ሰሌዳው ላይ አንድ በአንድ ጻፈችው። ወኪሉ ለገዢው ታማኝ ይሆናል። የገዢውን ምሥጢር ለሻጭ አያወጣም። ስለ ቤቱ የሚያውቀውን ሁሉ፣ መልካሙንም መጥፎውንም፣ ሳይጠየቅ ይናገራል። ከሻጩ ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ካለው አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል።

«ሳይጠየቅ?» አለ ቁልፌ፣ ከልቡ ደንግጦ። «እኔ እኮ ተጠይቄም...»

ቀሪውን ዋጠው። ፈረመ፤ የምስክር ወረቀቱን ተቀበለ፤ በመስታወት አስገጥሞ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከወረቀቱ ጀርባ ግድግዳው ትንሽ ተሰንጥቆ ነበር።

በዚያው ሰሞን አማቱ ቤታቸውን ሊሸጡ ተነሡ። ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗል። ቤታቸው ፎቅ የሌለው፣ አራት ክፍልና ትንሽ ግቢ ያለው ደህና ቤት ነው። ሸጠው የት ሊገቡ ነው? ቁልፌ ቤት ነዋ! ሚስቱ ወሬውን ስትነግረው ፊቷ በርቶ ነበር። እሱም ጥርሱን አሳያት። ግን የሚገቡበት ክፍል የእሱ ክፍል ነው። ኳስ የሚያይበት፣ ካልሲውን አውልቆ የሚወረውርበት፣ «የሥራ ወረቀት እያየሁ ነው» ብሎ በሩን ዘግቶ የሚያንኮራፋበት ክፍል። ሌላ ሴት ቢሆኑ እንኳ በተሻለ። አማቱ ሲዋሽ አያቋርጡትም፣ አይከራከሩትም፤ እስኪጨርስ ጠብቀው «እሺ» ይላሉ፣ ሌላ ቃል የለም። ያቺን «እሺ» በቀረው ዕድሜው ቁርስ ላይም ራት ላይም ሊሰማት ነው።

ግን ተስፋ ነበረው። አማቱ የልጃቸው ባል ደላላ ሆኖ ሳለ፣ ወይም ምናልባት ስለሆነ፣ በደላላ አልሸጥም ብለው ማሉ። በራሳቸው እጅ በካርቶን ላይ ጽፈው በራቸው ላይ ሰቀሉት፦ «ቤት ይሸጣል። የሚገዛ ያንኳኳ። ደላላ አይድረስብኝ።» የሰፈሩ ሰው ባለፈ ባገደመ ቁጥር ቁልፌን እያነሣ ይስቃል። ቁልፌ ግን አልተከፋም፤ እንዲያውም ነፍሱ መለስ አለች። ያለ ደላላ የተሸጠ ቤት የት አለ? ካርቶኑ ፀሐይ ጠጥቶ እስኪደበዝዝ አማቱ እዚያው ናቸው።

ይህን እያሰበ ደስ ብሎት በተቀመጠበት ሲስተር ወደ ቢሮው ገባች።

በሰፈሩ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። ተረከዙ ያለቀ ነጭ ጫማ አድርጋለች፤ እንቅልፍ ካየች የሰነበተች ትመስላለች። ከአባቷ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይታ ትኖራለች። አባቷ እግራቸው አልታዘዝ ካለ ሁለት ዓመት አለፈ። ሐኪም ቤት በሄዱ ቁጥር ሁለት ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው ያወርዷቸዋል፣ መልሰው ያወጧቸዋል። «ስሸከም የኖርኩ ሰው ዕቃ ሆንኩ» እያሉ ሽማግሌው ሐኪም ቤቱን ራሱ እየተዉት ነው። አሁን ደግሞ አከራይዋ ቤቱን ለራሴ እፈልገዋለሁ፣ እስከ ወር መጨረሻ ልቀቂ ብሏታል። ስታጠራቅም የኖረችውን ይዛ፣ ባንክም ሊያበድራት ተስማምቶ፣ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ደረጃ የሌለው ቤት።

ቁልፌ የገዢ ውክልናውን ወረቀት ሰጣት። መድኃኒት ለበሽተኛ እንደሚያዘጋጅ ሰው መስመር በመስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ፈረመች። ቁልፌ ሳያነበው ፈረመ።

ሦስት ቤት አሳያት፤ ሦስቱም ደረጃ አላቸው። ሦስተኛውን «ደረጃ አይባልም፣ ከፍታ ነው» ብሎ ሊያልፈው ሞክሮ ነበር፤ ሲስተር አሥራ አንዱን እርከን ጮክ ብላ ቆጠረችለት። ከዚያ ስትወጣ ነው ዱብ ዕዳውን ያመጣችው።

«ከሆስፒታሉ ጀርባ አንድ ቤት አይቻለሁ። ፎቅ የለውም። ‹ደላላ አይድረስብኝ› የሚል ተሰቅሎበታል። ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ፣ ሰው የለም።»

ቁልፌ ክው አለ።  ይህች ሴት ሦስተኛ ካንኳኳች አማቱ ይከፍቱላታል፣ ያስገቧታል፣ ቤቱን ታያለች፣ ወዲያው ትገዛዋለች፣ አማቱ ደግሞ ሻንጣቸውን ይዘው ኳሱ ፊት ይቀመጣሉ። ስለዚህ መንገዱ አንድ ነው። አማቱ ሳይከፍቱላት ቤቱን ራሱ ማሳየት አለበት።

«አውቀዋለሁ እሱን ቤት። ቁልፉም እጄ ላይ ነው» አላት።

«ደላላ አይድረስብኝ ብለው ለእርስዎ ቁልፍ ሰጡ?»

ቁልፌ ዘለላውን አንሿሿው። «ሲስተር፣ ሠላሳ ዓመት እኮ ነው።»

ቁልፉ የሚስቱ ነው፤ ለክፉ ቀን ብለው እናቷ የሰጧት መለዋወጫ። አማቱ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ለዓይናቸው ክሊኒክ እንደሚሄዱ ያውቃል። ማክሰኞ ጠዋት ሲስተርን ይዞ ገባ።

«ሲስተር» አለ ሳሎኑ መሐል ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «እኔ የአንቺ ወኪል ነኝ። የማውቀውን ነውር ሁሉ ሳትጠይቂኝ ልነግርሽ ግዴታ አለብኝ።»

ወደ ወጥ ቤቱ አስገባት። «ይህን ጣሪያ ታይዋለሽ? አምና ክረምት ሲያፈስ ባልዲ ሦስት ቦታ ነው የተቀመጠው።» እውነት ነው። ባልዲዎቹን ሲያመላልስ የነበረው ራሱ ነው። ያልተናገረው፣ ከክረምቱ በኋላ ቆርቆሮው በሙሉ መቀየሩን ነው፤ መሰላሉን ይዞ የቆመውም ያው ራሱ ነው።

ወደ ጓዳ ወሰዳት። «ይቺን እድፍ አየሻት? ግድግዳው ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ነው።» ይህም እውነት ነው። አሮጌው ቧንቧ ተነቅሎ በአዲስ መተካቱን ግን ዋጥ አደረገው።

ግቢው ውስጥ አጥሩን አሳያት። «ከዚህ ወዲያ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። መጋዙ ሲነሣ ጥርስ ያስፋጫል።»

«ዛሬ አይሰማም እኮ።»

«ዛሬማ...» ብሎ ትከሻውን ሰበቀ። የእንጨት ቤቱ ከተዘጋ ስምንት ወሩ ነው።

እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሠላሳ ዓመት የቤት ነውር ሲደብቅ የኖረ ሰው በአንድ ጠዋት የቤትን ደህንነት መደበቅ ቻለበት። ሙያው ያው ነው። ቁም ሳጥኑን ከስንጥቁ ፊት አንሥቶ ከደህናው ግድግዳ ፊት ማቆም ብቻ ነው።

ሲስተር ግን ቤቱን ወዳዋለች። የኋላ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ክንዷን ዘርግታ ለካች፤ የአባቷ አልጋ እዚህ ጋ፣ ወንበራቸው እዚያ፣ ከወንበሩ በቀጥታ ያለ አንድ እርከን ወደ ግቢው። ከዚያ ክንዷን ቀስ ብላ አወረደችው። ቁልፌ አየና አንጀቱ ትንሽ ተላወሰ። ወዲያው የቅዳሜውን ጨዋታ አሰበና ተጽናና።

«እርጥበት ለአባቴ አይሆንም» አለች። «እንደ እርስዎ ያለ ደላላ ግን በሕይወቴ አላየሁም። ሌላው ቢሆን ይህን ሁሉ ደብቆ ይሸጥልኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የሚገርመው፣ ቁልፌም ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንድ ሰው ፊቱ ላይ እንዲህ ሲያመሰግነው የመጀመሪያው ነው፤ ለራሱ ሳይታወቀው አመናት። ቢሮው ሲመለስ የምስክር ወረቀቱን አቧራ በእጅጌው ጠረገ።

ወሬው ሆስፒታሉን አዳረሰ። ቤቱን የሚያማ ደላላ ተገኘ ተባለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ሐኪሞችና አንድ ፋርማሲስት ወኪላችን ሁን ብለው መጡ። የሲስተር ምስጋና ከአሠልጣኟ ጠበቃ ጆሮም ደረሰ፤ ደውላ ሰኞ ሰኞ ለአዲሶቹ ሠልጣኞች ልምዱን እንዲያካፍል ጋበዘችው። ቁልፌ ከረባት አስሮ ሄደ። «ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ» አለ፤ «ገዢ ማለት አደራ ነው። አደራ በልቶ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው አለ? እኔን አይወስደኝም!» ጭብጨባው ጣሪያውን ነካ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ገብቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንኮራፋ።

ሲስተር ግን ቤት አላገኘችም። እንዴት ታገኛለች? ቁልፌ ከሐኪሞቹ ጋር ሲዞር ነው የሚውለው። ወሩ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀር ቢሮው መጥታ ቆመች፤ ወንበር ሲያቀርብላት አልተቀመጠችም።

«ያንን ቤት አባቴ ራሳቸው ይዩት» አለች።

«ሲስተር! እርጥበቱስ? መጋዙስ? በሽማግሌ ነፍስ እንዴት...»

«የምንገባበት የለንም። እርጥብም ቢሆን ደረጃ የለውም።»

ስለ ሽማግሌው ነፍስ ብዙ ተናገረ፤ አልሰማችውም። ማክሰኞ ይሁን ብሎ ተገላገለ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱ ጎረቤቶች ሽማግሌውን ከነወንበራቸው ከታክሲ አውርደው ግቢው ውስጥ አስቀመጧቸውና ወደ ሥራቸው ሄዱ። ቁልፌ የጠበቀው የተሸበሸበ በሽተኛ ነበር። ሰውነታቸው ከስቷል፤ እጃቸው ግን እንደ አካፋ ሰፊ ነው። አርባ ዓመት ግድግዳ ሲያቆሙ የኖሩ ግንበኛ እንደሆኑ ያን ጊዜ ነው የሰማው። 

«ወደዚያ ወደሚያፈሰው ግድግዳ አስጠጊኝ» አሉ ልጃቸውን።

ሲስተር ወንበሩን እየጎተተች አስገባቻቸው። እድፉን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት፤ አሸተቱት፤ መዳፋቸውን ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው አንጓ አንኳኩት።

«ይህ ግድግዳ እንደ አጥንት ደርቋል። እድፉ የድሮ ነው። ቀለም የሚቀባ ጠፍቶ ነው እንጂ ምንም የለበትም።»

«አባባ፣ እርጥበት እኮ ውስጥ ለውስጥ...» አለ ቁልፌ።

«ወደ ውጭ አውጪኝ።» ከግቢው ሆነው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ጣሪያውን አዩት። «ቆርቆሮው አንድ ክረምት በወጉ አላየም። ምስማሩ ገና ያብረቀርቃል። መጋዙስ የታለ?»

ሁሉም ዝም ብለው አደመጡ። ከአጥሩ ወዲያ የአንዲት ድመት ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው።

ሽማግሌው ዞረው ቁልፌን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ስማ፣ ልጄ። ደላላ ቤት ሲያሞግስ ስሰማ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ቤት የሚያማ ደላላ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ይህ ቤት ምን አደረገህ?»

ይህን ሲሉ የግቢው በር ተከፈተ። አማቱ ናቸው። የዓይን ሐኪሙ ታሞ ስላልገባ ከደጃፍ ተመልሰዋል። ግቢያቸው ውስጥ የማያውቁት ሰው፣ መሐሉ ላይ ደግሞ የልጃቸው ባል። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ግድግዳውን ያዙ።

«ልጄ ምን ሆነች?»

«ኧረ ምንም አልሆነችም እማማ፣ ደህና ናት፣ ማምሻውን ልትመጣ...» ከአፉ ወጣ። ሲመልሰው ጊዜው አልፏል።

«እማማ?» አለች ሲስተር።

«ትልልቅ ሰው ሲሆኑ ሁሉንም እማማ ነው የምለው» አለ ቁልፌ።

«የልጄ ባል ነው» አሉ አማቱ፣ ልባቸው ገና እየመታ። «አንቺስ ማን ነሽ፣ የኔ ልጅ? ምን ልታዘዝ?»

ሲስተር ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀቱን አወጣች። ሁለት ጊዜ ያነበበች ሴት ናት፤ ቦታውን ለማግኘት አልቸገራትም። «‹ወኪሉ ከሻጩ ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ካለው አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል።›» ወረቀቱን አጠፈችው። «አማትህ ናቸው?»

እስከ ዛሬ «እርስዎ» ስትለው ነበር። ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜም አላለችውም።

ቁልፌ ከዚህ ስንጥቅ ፊት የሚያቆመው ቁም ሳጥን ፈለገ፤ አጣ። «ናቸው» አለ።

«ታዲያ እንድገዛ ነው እንጂ መፈለግ የነበረብህ! ለምን ከለከልከኝ?»

ቁልፌ ዘለላውን እንዳይንሿሿ በእጁ ጨበጠው።

«ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ! አባቴን በወንበር እንደ ዕቃ እያወረድኩ፣ አንተን በየደረስኩበት እያመሰገንኩ... ለምን?»

«ቤቱ ከተሸጠ» አለ ቁልፌ፣ መሬት መሬቱን እያየ፤ «እኔ ቤት ነው የሚገቡት።»

ሽማግሌው ግንበኛ ፊታቸውን አዞሩ። ለአማቱ አፍረው ነው። አማቱ ግን በቆሙበት ቆመዋል። ቁልፌ ያቺን «እሺ» ጠበቀ። አልመጣችም።

«እኔ መች ልምጣ አልኩህ?» አሉ። «ባሌን በቀበርን በሦስተኛው ቀን፣ ቤቱ ሰው በሰው ሆኖ ሳለ፣ ተነሥተህ ቆምክ። ‹እማማ እኔ እያለሁ ብቻቸውን አይኖሩም፣ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አለኝ፣ እጃቸውን ይዤ ነው የማስገባቸው› አልክ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።»

ቁልፌ ይህን አያስታውሰውም። አፉ ያን ቀን እንደ ልማዱ ሥራውን ሠርቶ ይሆናል፤ እሱ ግን አልሰማውም።

«ያ ክፍል ፀሐይ እንደማይገባበት አውቃለሁ፤ ዓይኔ ቢደክምም ጨለማ አይጠፋኝም» አሉ አማቱ። «ሦስት ዓመት ሙሉ አሰብኩበት። ይህ ልጅ የሰው ቤት ሲሸጥ ይዋሻል፣ እንጀራው ነው አልኩ። ይህንን ግን በሐዘኔ ላይ ቆሞ አይዋሸኝም አልኩ። አምኜህ ነው እኮ ቤቴን የምሸጠው።»

ድምፃቸው እዚያ ላይ ተሰበረ። ሲስተር ወንበር ፈልጋ አመጣችላቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። ሁለቱ ሴቶች ወጥ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። አማቱ የቤታቸውን ጉዳይ ሁሉ፣ ቁልፌ እንኳ የማያውቀውን የመታጠቢያ ቤቱን ሰነፍ ቧንቧና ሲነፍስ የሚያፏጨውን የሳሎን መስኮት ሳይቀር ነገሯት፤ በመካከላቸው ደላላ አልነበረማ። ቁልፌ ደጃፉ ላይ ከሽማግሌው ጋር ተቀምጦ ጠበቀ። አንድ ሁለቴ ስለ አየሩ ሊያነሣ ሞከረ፤ ሽማግሌው ሰበብ ፈልገው ግድግዳውን ያንኳኳሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተስማምተው ወጡ።

አማቱ የሲስተርን ወረቀት ይዘው ነበር የወጡት። «ይህ ዓይነት ወረቀት ሌላ አለህ?»

«አለኝ እማማ።»

«አውጣ። እኔም ቤት ልከራይ ነው። በዘጠኝ ቀን ውስጥ። ወኪሌ አንተ ነህ፤ ግዴታውን ታውቀዋለህ፣ ታስተምራለህም አሉ።»

«እማማ፣ ኧረ ቤትዎ እኮ... እኔ እያለሁ...»

አዩት። ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመፈረሙ በፊት አነበበው፤ የሚያመልጥበት መስመር አላገኘበትም።

«ለልጄ ደግሞ እኔ አልነግራትም» አሉ ሲፈርሙ። «አንተ ትነግራታለህ። ሳትጠየቅ።»

ሲስተር አባቷን ወደ ታክሲው ልታስገባ ስትል ዘወር አለችበት። «ሰኞ ታስተምራለህ አይደል? እመጣለሁ። ፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው።»

ቁልፌ ያን ቀን በእግሩ ነው ቤቱ የገባው። በመንገድ ላይ ነገሩን በአምስት ዓይነት መንገድ አሰማመረው። እማማ ነፃነት ፈልገው ነው። እማማ ከሆስፒታሉ መራቅ አልፈለጉም። እማማ እኛን እንዳያስቸግሩ ብለው ነው። አምስተኛውን፣ እሱ ራሱ እያለቀሰ ሲለምናቸው እንቢ ያሉበትን፣ በጣም ወደደው። ደጃፉ ሲደርስ እውነት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሚስቱ ያቺ ክፍል ውስጥ ናት። ቴሌቪዥኑን አውጥታ፣ ግድግዳውን ነጭ ቀብታ፣ ተንበርክካ ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውን ቀለም ትፍቃለች። «ጨለማውን ትንሽ ይገፋዋል ብዬ ነው» አለች።

«ስሚኝማ» አለ ቁልፌ፣ ድምፁን አለሳልሶ። «በመጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን ልንገርሽ።»

ሚስቱ ጨርቁን አስቀምጣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራው ኖራለች።

«ጉድለቱን ንገረኝ» አለችው።

አምስቱም መንገዶች ከአፉ በረሩ። ነገራት። ስለ ቁልፉ፣ ስለ ማክሰኞዎቹ፣ ስለ ሲስተር አባት፣ በእናቷ ፊት ስለተናገራት ቃል፤ ሲጀምር ማቆሚያ አጣ። አላቋረጠችውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የለቅሶው ቀን ላይ ሲደርስ፣ «እሱን እኔም ሰምቻለሁ» አለች። «ያገባሁትን ሰው ያን ቀን ነው ያገኘሁት ብዬ ነበር።»

ሲጨርስ ስልኳን አንሥታ እናቷ ዘንድ ደወለች። አላለቀሰችም።

«እማዬ፣ የምትከራዪው ቤት ስንት መኝታ ነው?» አዳመጠች። «አይ፣ አንድ አይበቃም። ሁለት ይሁን።»

ስልኩን ዘጋችና ወደ ባሏ ዞረች። ድምጿ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቢሮው እንደመጣ ማንኛውም ደንበኛ ነው የተናገረችው።

«ሁለት መኝታ። ደረጃ አይኑረው፣ እማዬ ዓይኗ ደካማ ነው። ፀሐይ የሚገባበት ይሁን። እስከ ወር መጨረሻ ነው የምንፈልገው።»

ቁልፌ የማስታወሻ ደብተሩን ከኪሱ አወጣና ጻፈ።